ቡሳን ላይ የተቀበረ ኢትዮጵያዊ ዘማች የለም

ሰሞኑን ስለ ኮሪያ ዘማቾቻችን የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው ከርሟል። ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። በደቡብ ኮሪያዋ የወደብ ከተማ በቡሳን፣ በተባበሩት መንግሥታት የጦር መካነ መቃብር ውስጥ፣ 122 የቃኘው፣ ማለትም ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ወታደሮች ተቀብረዋል ይላል። አገራቸው እዚያው ጥላቸዋለች። ባንዲራችን እዚያ የሚውለበለበው ለይስሙላ ነው። መካነ መቃብሩን ከሚያስተዳድረው ኮሚሽንም ኢትዮጵያ መዋጮ መክፈል ስላቃታት ተባራለች። ኮሪያ ውለታ በልታለች። ሟቾቹም ቢሆኑ ለአሜሪካ ጥቅም የሞቱ ቅጥረኞች ናቸው። ጽሑፉ የሚያበቃው አጽማቸው ወደ አገር እንዲመለስ ፊርማ በመጠየቅ ነው።

ጸሐፊው ከልባቸው እንደተቆጩ ይገባኛል። ስለ ኮሪያ ዘማቾች የሚቆረቆር ሰው ማግኘት ራሱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ቁጭቱ የቆመበት መሠረት ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ የሚጎዳው ሰው አለው። አያቱ ኮሪያ ላይ የወደቀ ወጣት ይህን አንብቦ፣ አያቴ ጠያቂ በሌለበት ባዕድ አፈር ውስጥ ተኝቷል ብሎ ያምናል። ለቤተሰብ ይህ ሁለተኛ መርዶ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከዋናው ልጀምር። ቡሳን ውስጥ የተቀበረ አንድም የቃኘው ወታደር ዛሬ የለም።

የቡሳኑ መካነ መቃብር የተቋቋመው ጦርነቱ ገና እየነደደ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1951 ነው። ከዚያ በፊት የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሟቾች የሚቀበሩት በየግንባሩ አቅራቢያ በተከፈቱ ጊዜያዊ መቃብሮች ነበር። ኬሶንግ፣ ኢንቾን፣ ዴጆን፣ ዴጉ፣ ሚርያንግና ማሳን ላይ እንዲህ ያሉ መቃብሮች ነበሩ። ግንባሩ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል መቃብሮቹም ለጠላት እጅ የሚጋለጡበት ጊዜ መጣ። ስለዚህ አስከሬኖቹ ተሰብስበው ከግንባር ወደራቀችው ወደ ቡሳን ተወሰዱ። እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ እዚያ ያረፉት ሟቾች ቁጥር ወደ 11,000 ደርሶ ነበር።

ዛሬ ያሉት መቃብሮች ግን 2,300 ያህል ብቻ ናቸው። የቀሩት የት ሄዱ? ወደየአገራቸው ተመለሱ። አሜሪካኖቹ ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉንም ወሰዱ። ቤልጅየም፣ ኮሎምቢያ፣ ግሪክ፣ ሕንድ፣ ፊሊፒንስ፣ ታይላንድ እና ኢትዮጵያ ደግሞ አንድም ሳያስቀሩ የሁሉንም ልጆቻቸውን አጽም አነሱ። የእኛዎቹ አዲስ አበባ መጥተው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፈዋል። ጽሑፉ በፊርማ የሚጠይቀው ነገር የተፈጸመው ጸሐፊው ሳይወለዱ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን የምለው ለክርክር ብዬ አይደለም። በዚያ ዘመን ይህን ያህል አጽም ከሩቅ ምሥራቅ አንሥቶ፣ ውቅያኖስ አሻግሮ፣ አዲስ አበባ ማድረስ ትልቅ ሥራ ነበር። የሠሩት ሰዎች አሉ። ወጪ ያወጣ መንግሥት አለ። ፍታት ያደረሱ ካህናት አሉ። አገራችን ለወታደሮቿ በትክክል ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እሱንም አላደረገችም ብለን ከመዝገቧ ልንፍቀው አይገባም።

ታዲያ 122 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ቁጥሩ ራሱ ከአየር አልተፈጠረም። በብዛት የሚጠቀሰው አኃዝ እንዲህ ይላል፦ ውጊያው ባለበት ዘመን 3,518 ኢትዮጵያውያን ዘመቱ፣ 122 ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ። ቡሳን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጠናቀቀ የመታሰቢያ ግንብ አለ። በጦርነቱ የሞቱና የጠፉ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አባላት በሙሉ ስማቸው ተቀርጾበታል። 40,896 ስም ነው። የእኛ ልጆችም ስም እዚያ ውስጥ አለ። ጸሐፊው ይህን የስም ዝርዝር የመቃብር ዝርዝር አድርገው የወሰዱት ይመስለኛል። ስም እዚያ፣ አጽም እዚህ ነው።

የባንዲራውም ነገር በዚሁ ይመለሳል። ባንዲራችን እዚያ የሚውለበለበው ለይስሙላ ነው ተብሏል። እዚያ የሚውለበለበው ግን ጦር ወይም የሕክምና ቡድን የላከ አገር ሁሉ ባንዲራ ነው። የግሪክም አለ፣ የታይላንድም አለ። እነሱም አንድ መቃብር የላቸውም። ባንዲራው የሚናገረው እዚህ መጥተው ነበር የሚለውን ነው። መጥተዋል፤ ሞተዋል። ከዚህ የበለጠ እውነት የለም።

አሁን ወደ ኮሚሽኑ እንምጣ። ጸሐፊው ብዙ ሰው ያስቆጡት በዚህ ነጥብ ነው። ኢትዮጵያ ከኮሚሽኑ ተባራለች መባሉ ውርደት ስለሚመስል አንባቢን ያማል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የኮሪያ ብሔራዊ ምክር ቤት መሬቱን ለዘለቄታው ለተባበሩት መንግሥታት ለመስጠት የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ ቦታው የተባበሩት መንግሥታት መታሰቢያ መካነ መቃብር እንዲሆን ወሰነ። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ደግሞ አስተዳደሩ ለአንድ ኮሚሽን ተላለፈ። የኮሚሽኑ አባላት 11 አገሮች ናቸው፦ አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይ፣ ኔዘርላንድስ፣ ኒውዚላንድ፣ ኖርዌይ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቱርክ፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ራሷ ኮሪያ። ዝርዝሩን አስተውሉት። ሁሉም እዚያ መቃብር ያላቸው አገሮች ናቸው። ኖርዌይ ያላት አንድ መቃብር ብቻ ነው፤ በዚያ በአንዱ የተነሳ አባል ናት። ኢትዮጵያ የሌለችው እዚያ የምትጠብቀው መቃብር ስለሌላት ነው። ብዙ ሰው የላከችው ግሪክም የለችም፣ ፊሊፒንስም የለችም። የተባረረ የለም።

ሌላው የከነከነኝ ሐሳብ ከነዚህ ሁሉ ሥር ያለው ነው። ጽሑፉ በባዕድ አገር መቀበርን ከመጣል ጋር አንድ ያደርገዋል። እኛ ሬሳ ካገሩ አፈር ካልገባ ሆዳችን አይችልም። ይህ ባህላችን ነው፤ እኔም በዚሁ ነው ያደግሁት። ነገር ግን ቡሳን ውስጥ ስላረፉት ስንጽፍ የሌላውን ወግ መርሳት የለብንም። እንግሊዞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ወታደራቸውን በወደቀበት አገር የመቅበር ደንብ ነበራቸው። ሀብታሙ ልጁን አስመጥቶ ድሃው እንዳይቀር፣ ጄኔራሉም ተራው ወታደርም ጎን ለጎን አንድ ዓይነት የመቃብር ድንጋይ እንዲኖራቸው ብለው ነው። ስለዚህ ነው ቡሳን ላይ ከ880 በላይ እንግሊዛውያን ያሉት። ከ460 በላይ ቱርኮች አሉ። 281 አውስትራሊያውያን አሉ። ከነሱ መካከል አንዱ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። መካነ መቃብሩን አቋርጦ የሚያልፈው የውሃ መውረጃ በእሱ ስም ተሰይሟል። እነዚህ ሁሉ የተጣሉ አይደሉም። በየዓመቱ ይታሰባሉ፣ ሣራቸው ይታጨዳል፣ አበባቸው ይተከላል።

እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ አንድ አዲስ ነገር አለ። ከጦርነቱ በሕይወት የተመለሱ፣ በየአገራቸው አርጅተው የሞቱ ዘማቾች፣ አስቀድመው በተናዘዙት መሠረት ቡሳን ከጓዶቻቸው ጎን እየተቀበሩ ነው። የመጀመሪያው አንድ ፈረንሳዊ ነበር። ከዚያ እንግሊዛዊ፣ ሌሎችም ቀጠሉ። ሚስት፣ ልጅና አገር ያለው ሰው፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ከልቡ ያልወጡ ጓደኞቹ ዘንድ ልሂድ ብሎ መናዘዙ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በመንገዴ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ላርም። ጽሑፉ አፍሪካዊ ለሆነ ሰው እዚያ ቦታ አልተሰጠም ይላል። ደቡብ አፍሪካ የአየር ኃይል ቡድን ልካ ነበር፤ 11 ሰዎቿ እዚያ ተቀብረዋል። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከችው ግን ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ይህ እውነት ለብቻው በቂ ክብር ነው።

ምርኮኛና የጠፋ ሰው አልነበረንም የሚለውን ታሪክ ጸሐፊው የፕሮፓጋንዳ ወሬ ብለውታል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም የመቃብሩ ጉዳይ ከዚህ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

በዚያ ጦርነት ትልቁ ሰቆቃ ሞት ብቻ አልነበረም፤ የት እንደወደቀ አለመታወቁም ነበር። ከ7,000 በላይ አሜሪካውያን ዛሬም አልተገኙም። ቤተሰቦቻቸው እስካሁን የዘረመል ናሙና እየሰጡ አጥንት ይጠብቃሉ። ቡሳን ላይ ስማቸው ያልታወቀ ወታደሮች መቃብር አለ። የኮመንዌልዝ አገሮችም መቃብራቸው ለማይታወቅ ልጆቻቸው ስም የተቀረጸበት ሐውልት አቁመዋል። የቃኘው ሻለቆች ግን ከጦርነቱ ሲወጡ አንድም የተማረከ፣ አንድም የጠፋ ሰው አልነበራቸውም። የተኩስ አቁም ስምምነቱ ሐምሌ 1945 ዓ.ም ተፈርሞ ምርኮኛ ሲለዋወጡ ከኢትዮጵያ በኩል የሚጠበቅ ሰው አልነበረም።

ይህ በአጋጣሚ አይመጣም። ሌሊት ለቅኝት የወጣ ጓድ ሰው ሲወድቅበት፣ እሳት እየዘነበ ተመልሶ ሄዶ አስከሬኑን ይጎትታል ማለት ነው። የቆሰለውን ተሸክሞ ሸለቆ ይሻገራል ማለት ነው። አንድን ሙት ለማምጣት በሕይወት ያለ ሰው ይሞታል ማለትም ነው። ከባድ ሒሳብ ነው፤ ወታደሮቹ ግን ያንን ሒሳብ ወስነው ነበር የገቡበት። ሥላሴ ያለው መቃብር ባለስም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የጠፋ ቢኖር ወደ አገር የሚመለስ አጽምም አይኖርም ነበር። ስለዚህ ይህን ታሪክ ፕሮፓጋንዳ ብሎ ማለፍ፣ ጓዱን ተሸክሞ የመጣውን ሰው ድካም መካድ ነው። ፕሮፓጋንዳ ሐውልት ላይ ይጻፍ ይሆናል፤ አስከሬን ተሸክሞ ግን አይመጣም።

ቅጥረኛ የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አሳዝኖኛል።

እውነቱን ሙሉውን እንየው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አባል አገሮች ኮሪያን እንዲረዱ የጠየቀው ሰኔ 1942 ዓ.ም ነው። ከዚያ 14 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚሁ በሰኔ ወር፣ 1928 ዓ.ም ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ቆመው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው ነበር። አገራቸው በመርዝ ጋዝ እየተጨፈጨፈች ነበር። ማኅበሩ አልረዳም። አንድ አገር ሲወረር ሌሎቹ በጋራ ይቁሙ የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያ ወረቀት ላይ ያለ መርሕ አልነበረም፤ ስላልተፈጸመ የደማችበት ጉዳይ ነበር። ያ ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በተግባር ሲሞከር እኛ የለንበትም ማለት አትችልም ነበር። ያኔ ከዘመቱት ብዙዎቹ የጣሊያንን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ ናቸው። የተወረረ አገር ምን እንደሚመስል ሰው አላስተማራቸውም።

የፖለቲካ ስሌት አልነበረም ወይ? ነበር። ልደብቀው አልፈልግም። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቆራኝ የተባበሩት መንግሥታት የወሰነው ኅዳር 1943 ዓ.ም ነው፤ የመጀመሪያው ሻለቃ ቡሳን ወደብ የደረሰው ደግሞ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ በዚያው ዓመት። ዘመቻው ከአሜሪካ ጋር የነበረንን ወዳጅነት አጥብቋል። ግንቦት 1945 ዓ.ም የሁለቱ መንግሥታት ወታደራዊ ስምምነት ተፈረመ። የአሥመራው የአሜሪካ ጦር ሰፈርም ቃኘው ተብሎ በሻለቃው ስም ተጠራ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን በዚያው በግንቦት ወር ሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ በፖርክ ቾፕ ኮረብታ አካባቢ ባሉ ትንንሽ የቃፊር ቦታዎች ላይ የቻይናን ጦር እየመከተ ነበር። ዋሽንግተን ላይ የሚፈራረመውና ምሽግ ውስጥ ያለው አንድ ሰው አይደለም። የፈራሚውን ስሌት መተቸት ይቻላል፤ ይገባልም። ምሽጉ ውስጥ የሞተውን ልጅ ግን በዚያ ስሌት ስም መጥራት ግፍ ነው። ቅጥረኛ ለገንዘብ የሚዋጋ ነው። እነዚህ የክቡር ዘበኛ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር፣ መደበኛ ወታደሮች ነበሩ፤ በአገራቸው ባንዲራ ሥር፣ በተሾመ እርገቱ፣ በአስፋው አንዳርጌና በወልደ ዮሐንስ ሽታ እየተመሩ የተዋጉ።

ኮሪያ ውለታ በላች የተባለውን ባጭሩ ልለፈው፤ ማስረጃው ብዙ ነው። ቹንቾን ከተማ ላይ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት የቆመው ግንቦት 1960 ዓ.ም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በተገኙበት ነው። ከአጠገቡ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ ቡና ቤት በዚያው ዘመን ተከፍቶ እስካሁን አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሪያው የእኛን ጎጆ የሚመስል የመታሰቢያ አዳራሽ ተጨመረ። ቹንቾንና አዲስ አበባ እህትማማች ከተሞች ናቸው። አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ፓርክም አለ። በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ የዘማች አገሮች ሰዎች ፊታቸውን ወደ ቡሳን አዙረው ለአንድ ደቂቃ በጸጥታ ይቆማሉ። ሐሳቡን ያመነጨው አንድ ካናዳዊ የቀድሞ ዘማች ነው፤ ኮሪያ ብሔራዊ ሥርዓት አድርጋዋለች። በዚያች ደቂቃ የሚታሰቡት የእኛንም ይጨምራል። ለዘማቾቻችን የተደረገው እርዳታ በቂ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ረስተዋል ማለት ግን አይቻልም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት አንድ ነገር አለ። ተረስተዋል ያሉት እውነት ነው። የተረሱት ግን ቡሳን አይደለም፤ አዲስ አበባ ነው። ጽሑፉ በዚህ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ጽፎ ደርግን ወቅሶ ያልፋል። ነገሩ ከዚያ ይረዝማል።

መረሳቱ የጀመረው ከደርግ በፊት ነው። ቃኘው የክቡር ዘበኛ ልጅ ነበር። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሚመራው ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከጦር ሠራዊቱ ጋር ተዋጋ፤ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ ስም በጥርጣሬ የሚጠራ ሆነ። ኮሪያ ላይ አገር ያኮራው ክፍል አገር ቤት ውስጥ የከዳተኛ ስም ተሰጠው። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ከዚህ ነገር እጃቸው የለበትም፤ ጥላው ግን ወደቀባቸው።

ቀጥሎ ደርግ መጣ። የኢትዮጵያ ዘማች ጦር አዛዥ ሆነው ኮሪያ የሄዱት ከበደ ገብሬ፣ በኋላ ሌተናል ጄኔራል የሆኑት፣ ኅዳር 1967 ዓ.ም ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስልሳዎቹ አንዱ ናቸው። የወታደሮቹን አስከሬን ሳይጥል የመጣ ጦር አዛዥ በጅምላ ጉድጓድ ተጣሉ። አጽማቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ወጥቶ ሥላሴ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን አገሪቱ ከፒዮንግያንግ ጋር ወዳጅ ሆነች። ትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እርዳታ አዲስ አበባ መሃል ቆመ። ሰሜን ኮሪያን የወጋ ሰው በዚያ ዘመን ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ አድርጎ መውጣት አይችልም ነበር። ኮሪያ ሰፈር ተብሎ በስማቸው በሚጠራው ሰፈር ውስጥ ሳይቀር ስለ ዘመቻው ዝም ማለትን ለመዱ። አንድ ትውልድ ሙሉ አባቱ የት እንደዘመተ ሳይሰማ አደገ። ዛሬ ቡሳን ተቀብረዋል የሚል ጽሑፍ ሲነበብ ማንም ሳይጠራጠር የሚያምነው ከዚህ ዝምታ የተነሳ ይመስለኛል።

ሥላሴ ግቢ በየቀኑ ሰው ይገባል። የንጉሠ ነገሥቱን መቃብር ያያል። የአርበኞችን ያያል። ሲልቪያ ፓንክረስትን፣ ጥላሁን ገሠሠን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ይጠይቃል። የኮሪያ ዘማቾቹን ብሎ የሚመጣ ግን ከዘማች ቤተሰብና ከኮሪያ እንግዶች ሌላ ስንት ሰው ነው? ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። ቡሳን ድረስ የሄደው ቁጭታቸው አራት ኪሎ ላይ ለምን አልቆመም?

ስለዚህ አጽም ይመለስ የሚለውን ፊርማ አልፈርምም። የሚመለስ የለም፤ ኮሪያም የያዘችብን የለም። ያንን ደብዳቤ ለኮሪያ ኤምባሲ ብናስገባ የራሳችንን ታሪክ አለማወቃችንን በጽሑፍ አስፈርመን ሰጠን ማለት ነው።

ጸሐፊው ደብዳቤውን ቢቀይሩት ግን አብሬ እፈርማለሁ። አድራሻው አዲስ አበባ ይሁን። የወደቁት ሁሉ ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የትውልድ ቦታና የወደቁበት ቀን ቤተሰብና ተማሪ ሊያነበው በሚችል ቦታ በአማርኛ ይጻፍ። ትምህርት ቤቶች ልጆችን ወደ አፍንጮ በርና ወደ ሥላሴ ይውሰዱ። በሕይወት ያሉት ዘማቾች ዕድሜያቸው ከዘጠና አልፏል፤ ሳይሞቱ ታሪካቸው በድምፅ ይቀረጽ። ለሕክምናና ለኑሮ የሚያስፈልጋቸው መጀመሪያ ከራሳችን መንግሥት ይጠየቅ፣ ከዚያ ከሌላው። ደብዳቤው ይህን ካለ ስሜን ለማስፈር ዝግጁ ነኝ፤ ሌሎች እንዲፈርሙም እለምናለሁ።